አያ ሙሉቀን ይዞት የቆመው ድንጋይ

የካቲት ፬፣ ሰኞ፤ ጧት

አያ ሙሉቀን፣ ደብተርህን ወሰድሁብህ። አትቆጣ። አልጀብራው እስከ መካከሉ ድረስ ያንተ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ነው። በባዶው እኔ ልጻፍበት። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳትጨርሳት ትተሃታል። ሞከርኋት። እምቢ አለችኝ።

ውሃ ከቦኖ ቀድቻለሁ። ፊቴን ታጥቤአለሁ። ደወል እስኪደወል ትንሽ ጊዜ አለኝ።

አርባህ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ከዳባት ወደ ጎንደር በጭነት ማኪና ተመለስሁ። የቤታችን አከራይ እማማ የሺ ባዶ ክፍል ብቻህን አታድርም ብላ ከልክላኛለች። ስለዚህ የምተኛው እሷ ቤት መደብ ላይ ነው። ታንኮራፋለች። ብነግራት የድመቷ ድምፅ ነው ትላለች። ድመት የላትም።

ጧት ጧት ወደ ክፍላችን እመጣለሁ። ምንጣፍህ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ጣሳህ ከጣሳዬ ጎን ተደፍቷል። ብልቃጧ መስኮቱ ላይ ነች።

ትዝ ይልሃል? ከመተኛትህ በፊት ዛሬ ማን መልካም እንዳደረገልህ አስብ ትለኝ ነበር። እጽፈዋለሁ። ምስጋና እያልሁ በየቀኑ ከምጽፍ ግን ምስ. ይበቃል።

ምስ.፦ ከዳባት ጋቢና ውስጥ ያስቀመጠኝ ሾፌር። ልቅሶዬን አይቶ ራዲዮኑን ዘጋ።

የካቲት ፬፣ ከት/ቤት መልስ

ይህን ደብተር አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢያገኘው ስለ ብልቃጧ አይገባውም። ልጻፈው።

በውስጧ ያለው ድንጋይ ነው። ከወንድሜ ከሽንት ፊኛው የወጣ። ከዶሮ ዕንቁላል ትንሽ ያንሳል። ቡናማ ነው፤ ሻካራ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንቱ መካከል ላይ ቀጥ ይልበት ነበር። መጨረሻው ላይ ጥርሱን ይነክሳል። ጋደም ሲል፣ በጎኑ ሲገላበጥ መልሶ ይፈስሳል። ከግቢው ጀርባ የፈረሰ ግንብ አለ። እሱ እዚያ ሲሄድ ሰው እንዳይመጣ እኔ እጠብቃለሁ። አንድ ጧት የግንቡ ድንጋይ ላይ ቀይ አየሁ።

ዲያቆን ነው። ሰው ቢሰማ ጨብጥ ይዞት ነው ይላል፤ ድቁናው ፈረሰ ማለት ነው፤ አባዬም በቄስነቱ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል? እንዲህ አለኝና በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስማለኝ። ለአባዬም ለማንም እንዳልናገር። ማልሁ።

ቅዳሴ የገባ ዲያቆን ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጣም። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይቀምስም ነበር፤ ሽንት እንዳይመጣበት። ይህንን እንደ ብልሃት ቆጠርነው። ውሃው ባነሰ ቁጥር ድንጋዩ እየደለበ እንደሄደ የሰማሁት በኋላ ነው።

ከገና በፊት ብርድ ብርድ አለው፤ ተንቀጠቀጠ። እማማ የሺና እኔ ሆስፒታል አደረስነው። ድንጋዩን አወጡለት። ኩላሊቶቹ ግን ቀድመው ተጎድተዋል። አራት ቀን። አባዬ የደረሰው ለሬሳው ነው። ምን ገደለው አለኝ። ሆዱን አሞት አልሁ።

መሐላዬን ጠበቅሁ። ከሞተ በኋላም ጠበቅሁ።

የካቲት ፮፣ ረቡዕ

ከአባዬ መልእክት መጣ፤ በአንድ የአገራችን ነጋዴ። ቅዳሜ ስንቄን ይዞ ራሱ ይመጣል። ለቁርባን የሚሆን ዘቢብም ይገዛል። ደስ አለኝ። ወዲያው ፈራሁ። ዐይኔን አይቶ ይጠይቀኛል።

ምስ.፦ የሒሳብ መምህሬ። የቀረሁበትን ፈተና በዕረፍት ሰዓት ብቻዬን አስቀምጦ ፈተነኝ። ስምንት ከአሥር። አያ ሙሉቀን ቢሆን ሁለቱስ የት ጠፉ ይለኝ ነበር።

የካቲት ፱፣ ቅዳሜ

አባዬ ገባ። በሶ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ቅል ማር። ከስቷል። ጢሙ ነጥቷል።

ማኪናው ከቀጠረው ሰዓት ዘግይቶ ነው የደረሰ። ሾፌሩ ዕቃውን እያወረደ ለተሳፋሪው ሁሉ ይናገራል፦ "መምሬ አድማሱን የጫነ ሰው ራዲያተር አያስፈልገውም! በየመንደሩ እሳቸው ሲወርዱ ሞተሩ ይቀዘቅዛል!" ሰዉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም።

ቤት ገብቶ ውሃ ብሰጠው አፉን ብቻ አርሶ መለሰው። ከዚያ ወጣ። ወደ ግንቡ ጀርባ።

ቆየ። በጣም ቆየ። ጠብ፣ ጠብ፣ ዝም። ደግሞ ጠብ።

ይህንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

የካቲት ፲፣ እሑድ

ከአባዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ውስጥ አልገባም። ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመ፤ ሁለት ጊዜም ተሰወረ። ሠላሳ ዓመት የቀደሰ ቄስ!

በመንገድ ጠየቅሁት። ከጥምቀት ወዲህ አልቀድስም አለ፤ ጉልበቴን ያመኛል። ጉልበቱን ሲያሽ አይቼው አላውቅም። አባዬ፣ ውሃ ሽንት ነው? አልሁ።

ቆመ። ፊቱ ጠቆረ። "ምነው? ጨብጥ ይዞታል ልትል ነው?"

አላልሁም አልሁ። ትንሽ ሄደ። ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። የእርጅና ነው፤ ጠበል እጠመቃለሁ፤ ያልፋል። ማል አለኝ።

ያው ቃል። ያው በር ሊሆን ምንም አልቀረው።

ጫማዬን አየሁ። አልማልሁም። እምቢም አላልሁም። ፊት ፊቱን ሄደ።

ዛሬ ምስ. የለም።

የካቲት ፲፪፣ ማክሰኞ

አባዬ ዘቢቡን ገዝቷል፤ ግን አልሄደም። የማኪናው መንገድ ያስፈራዋል፤ እኔ አውቃለሁ። ስለ ናፍቆት ነው የሚለኝ።

ከት/ቤት በኋላ አያ ዘለቀ ዘንድ ሄድሁ። ወንድሜን ያስታመመው ድሬሰር ነው፤ የሳንጃ ሰው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ። ሐኪሙ ፈረንጅ ስለሆነ የሚያስተረጉመውም እሱ ነው። መርፌ እየቀቀለ አገኘሁት።

አንድ ጓደኛዬ ውሃ ሽንት እየከለከለው ነው አልሁት።

"ስንተኛ ክፍል ነው?"

የሚፈላውን ውሃ አየሁ።

"ዕድሜውስ?"

ስድሳ ሦስት አልሁ።

"እንግዲያ ብዙ ጊዜ ወድቋል" አለና መርፌውን አስቀምጦ ወንበር ሰጠኝ።

የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሁሉንም አስረዳኝ። ሽንት የከለከለው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ጨብጥ ያቃጥላል፤ መግል ያመጣል፤ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ሳይታከም ከቆየ ቧንቧውን ያጠብበዋል፤ ያን ጊዜ በቀጭን የብረት ዘንግ ቀስ በቀስ ያሰፉታል። ድንጋይ ትንሽ ከሆነ ውሃ በብዛት ሲጠጡ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ትልቁ ግን በቢላዋ ነው። የሽማግሌ ደግሞ ሌላ ነው። ከፊኛው አንገት ሥር እጢ አለች፤ ሰው ሲያረጅ በብዙው ታድጋለች፤ ቧንቧውን ጭምቅ ታደርገዋለች። ፈረንጆቹ ፕሮስቴት ይሏታል። ኃጢአት የላትም አለ። ሽበት ኃጢአት ከሆነ እሷም ኃጢአት ናት።

ጨርሶ ቢዘጋስ? አልሁት።

ቀልዱን ተወ። ያን ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቅ አለኝ።

ምስ.፦ አያ ዘለቀ። ወንበሩ።

የካቲት ፲፬፣ ሐሙስ፤ ሆስፒታል ደጃፍ

ልጻፍ።

ጧት አባዬ ለኪዳን ጸሎት ሄዶ ተመለሰ። ብርዱ ኃይለኛ ነበር። ግንባሩ ግን በላብ ርሷል። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠብታ የለም። ሆዱ ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስነካው ጮኸ። አባዬ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም።

ጠበል ውሰደኝ አለ። ሆስፒታል አልሁ። አይሆንም። ሰው ያያል። ጠበል።

ልብሱን ያዝሁለት። ወደ በሩ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ብልቃጧን አየኋት።

ወጥቼ እማማ የሺን ጠራሁ። በሙሉ ድምፄ። አባቴ ውሃ ሽንቱ ታግዶበታል፤ ድረሽልኝ! እስከ ቦኖው ድረስ ተሰማ። ውሃ የሚቀዱት ሁሉ ዞሩ።

እየሮጠች መጣች፤ እንዝርቷ በእጇ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምንም አልሆንሁም ይላል። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፦

"መምሬ፣ ሽንት ነው እንጂ ኑፋቄ አይደለም የያዘዎት! ምን ያስደብቃል?"

የጠፍር አልጋዋን ራሷ ጎትታ አወጣች። አራት ጎረቤቶች ተሸከሙ። አባዬ በጋቢው ተሸፋፈነ። እኔ እጁን ይዤ ከጎኑ። በመንገድ ያገኘን ሁሉ ምነው፣ ምን ሆኑ ይላል። ውሃ ሽንት ታግዶባቸው ነው እላለሁ። አባዬ በጋቢው ውስጥ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ሁለተኛው ሰው ጠየቀ፤ መለስሁ፤ ቆነጠጠኝ። ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡና እኔንም አምና እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፤ ፈጥናችሁ አድርሷቸው አሉ።

ከዚያ በኋላ አልቆነጠጠኝም። እጄን ያዘኝ።

አሁን ውስጥ ነው። ደጅ ቁጭ በል ብለውኛል። በዚሁ ደጅ ተቀምጬ ነበር፣ ከገና በፊት።

ያው ቀን፤ ከቀኑ ፰ ሰዓት

እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን።

አያ ዘለቀ ሲያየን "ይኼ ነው ጓደኛህ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም። የተቀቀለ ቀይ የጎማ ቱቦ አመጣ። በቅባት አለዘበ። ከደጅ ጠርቶ ያዘው ብሎኝ የአባዬን ትከሻ ያዝሁ። ቀስ ብሎ አስገባው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ጠበቀ፤ መምሬ ይተንፍሱ አለ። ደግሞ ገፋ።

ሳፋው ላይ ድምፁ መጣ።

እንዲህ ያለ ሸጋ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አያ ዘለቀ በመካከል ቱቦውን ቆልፎ ያሳርፈዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢወጣ ሰውነት ይደነግጣል ይላል። ደግሞ ይከፍታል። አባዬ ዐይኑን ጨፍኗል። እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። መመረቅ ጀመረ። እጅህ ይባረክ፤ ዘርህ ይባረክ፤ ሳንጃ ይባረክ፤ ላሞችህ ይባረኩ።

"መምሬ፣ ላም የለኝም።"

"ይስጥህ!"

ተኛ። አፉን ከፍቶ።

ምስ.፦ እማማ የሺ። አራቱ ሰዎች። እኒያ ሽማግሌ። ቱቦውን የሠራ ሰው፣ ማን ይሁን የት ይሁን።

የካቲት ፲፭፣ ዓርብ

ሐኪሙ መጣ። መረመረ። አያ ዘለቀ አስተረጎመ። እጢዋ አድጋለች። መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ቱቦው እንዳለ ይቆያል፤ በየጊዜው እየመጣ ይቀየርለታል። ወይም ሆዱን ከእምብርት በታች ቀድደው እጢዋን ያወጧታል።

አባዬ ቢላዋውን እንደሰማ ልጄን እዚህ ቀድደውት ነው የሞተው አለ። ሐኪሙ ይህን ማስተርጎም አላስፈለገውም መሰለኝ። ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። አባዬ ጣሪያውን እያየ መናገር ጀመረ። ቃሉን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ከመንደራችን አንድ ሰው ባለፈው ክረምት ከተማ ገብቶ አያ ሙሉቀንን ከግንቡ ጀርባ አይቶታል። ደምም አይቷል። ልጅህን ከተማው አበላሸው ብሎ ለአባዬ ነገረው። አባዬ ጨብጥ ነው ብሎ አመነ። ልጁን ሊጠይቀው አፈረ። ሊገሥጸው አስቦ ተወው። በፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ሲጠራ ልቡ ወደ ኋላ ይል ነበር።

"በኃጢአቱ የሄደብኝ መስሎኝ" አለ። "አርባ ቀን ሙሉ።"

ተነሥቼ ወጣሁ። ሮጥሁ። የቀሃን ወንዝ እንዴት እንደተሻገርሁ አላስታውስም። ብልቃጧን ከመስኮቱ አንሥቼ ተመለስሁ። አያ ዘለቀ በረንዳ ላይ ነበር፤ ና አልሁት፤ አንተ ንገረው።

አያ ዘለቀ ክዳኑን ከፈተ። ድንጋዩን አባዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ይህ ከሙሉቀን የወጣ ነው፤ ያወጣነው እዚህ ነው፤ እኔ ራሴ ቆሜአለሁ። ከጨብጥ የመጣ አይደለም። ዓመታት የፈጀ ድንጋይ ነው። በጊዜ ቢመጣ ይወጣለት ነበር። ቢላዋው አልገደለውም መምሬ፤ ቢላዋው ዘገየ።

አባዬ በመዳፉ መዘነው። በጣቱ አዞረው። ሻካራውን ነካ።

"ይኼን ይዞ ነው ቅዳሴ የቆመው?"

አዎ አልሁ።

"ስንት ጊዜ?"

ሁልጊዜ አልሁ።

ድንጋዩን ደረቱ ላይ አስቀመጠው። አያ ዘለቀ ቀስ ብሎ ወጣ።

ከዚያ እኔን አየኝ። ታውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ከመቼ? ከመጀመሪያው። ለምን አልነገርኸኝም? አስምሎኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በር።

ይመታኛል ብዬ ነበር። እጁን አነሣ። ራሴ ላይ አኖረው። "ያ መሐላ መልካም አልነበረም። እግዚአብሔር ይፍታህ" አለ። ሦስት ጊዜ። ቱቦው በጎኑ ተንጠልጥሎ፣ መስቀሉ ቤት ቀርቶ፣ በባዶ እጁ።

አለቀስሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀስሁም።

ሲበቃኝ ቀና አልሁ። አንተም ይፍታህ በለኝ አለ። አባዬ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም አልሁት። እሱስ ልክ ነህ አለ። እንግዲያ ይቅር ይበልህ በለኝ። ይቅር ይበልህ አልሁት።

የካቲት ፲፮፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ መጣ። አባዬ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ወደ ቅዳሴ የሚመልሰኝ የቱ ነው? ቱቦ ይዤ ቤተ መቅደስ አልገባም። ቢላዋው ነው አለ አያ ዘለቀ፤ ግን ሰውነት ነውና ሞትም አለበት፤ ዋስ የሚሆን የለም። ደም መፍሰስ አለ፤ ትኩሳት አለ።

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ አንተስ ምን ትላለህ አለኝ። እኔን! ዛሬ ገና በጊዜው ነው አልሁ።

"እንግዲያ ቢላዋው" አለ።

የካቲት ፲፱፣ ማክሰኞ፤ ጧት

ጾም ትናንት ገባ። ዛሬ አስገቡት። ድንጋዩን በጨርቅ ቋጥሮ ትራሱ ሥር ትቶታል።

ብቀር እማማ የሺን አደራ አለኝ። እሷ ናት እኔን አደራ የሚሏት አልሁት። ሳቀ። በሩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። እማማ የሺ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷ አይቆምም። አንድ ጊዜ ተበጠሰባት፤ ቀጠለችው።

አያ ሙሉቀን፣ እዚያ ከሆንህ

ያው ቀን፤ ቀትር

ወጣ። ይተነፍሳል። ከቱቦው የሚወርደው ቀይ ነው፤ ፈራሁ። አያ ዘለቀ ይህኛው ቀይ የሚጠበቅ ነው አለኝ። በትልቅ ሲሪንጋ ውሃ እያስገባ ያጥበዋል። ደም ረግቶ እንዳይዘጋው። በየሰዓቱ። ምሳውን አልበላም።

የካቲት ፳፫፣ ቅዳሜ

ትኩሳቱ ሁለት ቀን አስጨንቆን ዛሬ ወረደ። ቀዩ ሣሣ፤ እንደ ጠጅ ሆነ።

አዲስ ጠብ። ሐኪሙ ከጧት ጀምሮ ውሃ በብዛት ይጠጣ ብሏል። አባዬ ጾም ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ አይገባም ይላል። ለመንሁ። እማማ የሺ ለመነች። ጣሳውን ገፋው። አያ ዘለቀ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፦

"መምሬ፣ ለስንት በሽተኛ ጾምን ፈትተዋል?"

"ቁጥር የለውም።"

"ለራስዎ ጊዜ ቄስ አጡ?"

አባዬ አንድ ጣሳ ጠጣ። ሁለተኛውን ራሱ ጠየቀ።

ምስ.፦ የአያ ዘለቀ አፍ።

የካቲት ፳፱፣ ዓርብ

ቱቦው ወጣ!

ጧት አወጡለት። ጠበቅን። አባዬ ጸለየ። ሁለት ጣሳ ጠጣ። ጠበቅን። ከዚያ መጋረጃ ጋረዱለት። በመጋረጃው ወዲህ እኔ፣ እማማ የሺ፣ አያ ዘለቀ፣ ከጎኑ የተኛው የእንፍራንዝ ገበሬም አንገቱን አስግጎ። ሁላችን ዝም።

ድምፁ መጣ። አልተቆራረጠም። ረዘመ። ረዘመ።

እማማ የሺ ዕልልታዋን አቀለጠችው። አንድ ነርስ ሮጣ መጣች፤ ሰው የወለደ መስሏት። አባዬ ከመጋረጃው ውስጥ "አንች ሴት፣ ቄስ ነኝ እኮ!" ይላል። እየሳቀ።

ጥቂት ቀን ልብስ ያርስብዎ ይሆናል፤ አይደንግጡ፤ ይመለሳል አለው አያ ዘለቀ። እስኪደርቅ ድረስ ቅዳሴ እንደማይገባ አባዬ ራሱ ያውቃል። ለትንሣኤ አልጠፋም አለ።

መጋቢት ፯፣ ቅዳሜ

አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ አምስት ቀኑ። ከእኔ ጋር ክፍላችን ውስጥ ነን። በአያ ሙሉቀን ምንጣፍ ላይ ተኛ። አልከፋኝም።

ሕፃናት ሆነናል። ከግንቡ ጀርባ ሲመለስ ምነው፣ እንዴት ሆነ እለዋለሁ። ሸጋ ነው ይላል። ጎረቤት ይሰማል። ማንም ግድ አይሰጠውም።

ዛሬ የአልጀብራዋን ጥያቄ ለመምህሬ አሳየሁት። አያ ሙሉቀን ሦስተኛው መሥመር ላይ ምልክት ተሳስቷል አለ። ይሄው ነው። አያ ሙሉቀንም ይሳሳታል። ሳላስበው ፈገግ አልሁ።

መጋቢት ፲፩፣ ረቡዕ

አባዬን ሸኘሁት። ያው ሾፌር ነው። ዛሬስ ስንት ቦታ ነው የምቆመው አለ። አባዬ ጋቢናው ላይ እየወጣ "አንተ ካልፈለግህ በቀር እኔ አላስቆምህም" አለው። ሾፌሩ እጅ ነሣ፤ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት አለ።

ከመውጣቱ በፊት ብልቃጧን ስጠኝ ብሎኝ ነበር። ትንሽ አንገራገርሁ። ከአያ ሙሉቀን የቀረችኝ እሷ ናት። ምን ያደርግልሃል አልሁት። የቀደስሁ ዕለት ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡን አቆማለሁ አለ። ይህንን በእጄ ይዤ ልጄን የገደለው ምን እንደሆነ እነግራለሁ። የኔንም እነግራለሁ። ሽንት የከለከለው ሰው ካለ ይምጣ፤ እኔ ራሴ ጎንደር አደርሰዋለሁ።

ስለዚያ የመንደር ሰው ጠየቅሁት። እሱንም ከፊት አቆመዋለሁ አለ። ሊያሳፍረው እንዳይመስለኝ። እንዲሰማ ነው።

ሰጠሁት።

ሌላም ነገር አለ። አያ ዘለቀን ጠይቆታል፤ ይህ ድንጋይ በወንድሙም ይመጣ ይሆን ወይ ብሎ። ሊመጣ ይችላል፤ ውሃ ይጠጣ ብሎታል። አባዬ ወደ ንስሐ አባቴ ሄዶ አስፈቅዷል። በዚህ ጾም ጧት ጧት ውሃ ትጠጣለህ አለኝ። እህል አይደለም። ውሃ። ሳትሰለች።

ማኪናው ወደ ላይ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም።

ለእማማ የሺ ዛሬ በክፍላችን አድራለሁ አልኋት። ልትከራከር አፏን ከፈተች። አየችኝ። እንግዲያ ድመቷ ብቻዋን ትቀራለች አለች።

መጋቢት ፲፪፣ ሐሙስ፤ ጧት

አደርሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የገረመኝ እሱ ነው።

ስነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማንም አይተነፍስም፤ እኔ ብቻ። ጥቂት ተጋድሜ አዳመጥሁት። ከዚያ ምንጣፍህን አውጥቼ አራገፍሁት፤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። መስኮቱ ላይ ብልቃጧ የነበረችበት ክብ አቧራ የለበትም። አልጠረግሁትም።

ቦኖ ሄጄ ውሃ ቀዳሁ። ተራ ያስቀደመችኝ ልጅ አለች፤ ምስ. ለእሷ።

ተመልሼ ጣሳ አነሣሁ። ሞላሁ። ሌላውንም አንሥቼ ሞላሁ። ካስቀመጥሁት በኋላ ነው ሁለት መሆናቸውን ያየሁት።

የኔን ጠጣሁ። ያንተን ወደ እንስራው ልመልስ አነሣሁት። አልመለስሁትም። ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁልህ።

ወደ ግንቡ ሄድሁ። የሚጠብቅልኝ ሰው የለም። የምጠብቀውም የለም። ሸናሁ። የግንቡን ድንጋይ አየሁት። እርጥብ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሁለቱን ጣሳዎች አጥቤ ጎን ለጎን ደፋኋቸው። ደወሉ ተደወለ፤ ደብተርህን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ልሮጥ ነው።